ለጆሮ የተዘጋጀ ሒሳብ

አንድ ሰው በስልክ ወይም በራዲዮ «ኤክስ ሲደመር ሁለት ሲካፈል ለሦስት» ቢል፣ እርሳስ ይዘው የሚያዳምጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አይጽፉም። አንዱ ኤክስና ሁለትን ከላይ አድርጎ ረጅም መስመር ያሰምርና ሦስትን ከታች ያኖራል። ሌላው መስመሩን ከሁለቱ ሥር ብቻ ያሰምራል። ኤክስ ሰባት ነው ብንል የመጀመሪያው ሰው መልሱን ሦስት ያገኛል፤ ሁለተኛው ሰባት ከሁለት ሦስተኛ። ሁለቱም የሰሙትን በትክክል ጽፈዋል። ጉድለቱ የተናጋሪው ነው፤ አግድሟ መስመር ከየት ተነስታ የት እንደምታበቃ አልነገራቸውም።

ሒሳብን በድምፅ ብቻ የማስረዳት ችግር ከዚህች መስመር ይጀምራል። በተጻፈ ቀመር ውስጥ እያንዳንዱ ምልክት የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ይናገራል። ከላይ መቀመጥ፣ ከታች መቀመጥ፣ ከጎን ከፍ ብሎ በትንሹ መጻፍ፣ በቅንፍ መታቀፍ ሁሉም ትርጉም አለው። ድምፅ ላይና ታች የለውም፤ ያለው በፊትና በኋላ ነው። ዓይን የረሳውን ለማየት ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለሳል፤ ጆሮ ግን ያለፈውን የሚያገኘው አእምሮው ውስጥ ከቀረለት ብቻ ነው።

ይህን ጉዳይ ከአዳማና ከስምጥ ሸለቆው ከተሞች ጋር አያይዤ የማነሳው በምክንያት ነው። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዳማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅነት የተጀመረው የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ይገኛል። ከሞጆ ታጥፎ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል የሚወርደው መንገድ ሻሸመኔ ሲደርስ ደግሞ ዓይነ ስውራን ልጆች በአዳሪነት የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። ድምፅ የሚያሠራጨው ተቋም፣ ሒሳብ የሚያውቁት መምህራንና ሒሳብን በጆሯቸው ከመማር ሌላ ሰፊ መንገድ የሌላቸው ልጆች የአንድ ቀን ጉዞ እንኳ አይራራቁም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ በመላ አገሪቱ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዲቀጥል ተሞክሯል። ታሪክ ቢተረክ ይሰማል፤ ቋንቋም በድምፅ ይለመዳል። ሒሳብ ግን የሰሌዳውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻ ከሆነ አየር ላይ እንዳለ ይቀራል።

«ኤክስ ሲደመር ሁለት ሲካፈል ለሦስት» የሚለው አነጋገር የሰሌዳውን ምልክቶች ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ መጥራት ነው። ከሒሳብ ክፍል ውጭ ማንም እንዲህ አይናገርም። ሥራ ላይ ያለ ሰው «ሰባቱና ሁለቱ ተደምረው ለሦስት ይካፈሉ» ነው የሚለው። እዚህ ውስጥ ጥርጣሬ የለም። «ተደምረው» ሲባል የመጀመሪያው ሥራ ተዘግቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚካፈለው ድምሩ ነው። ሌላውን ማለት ከፈለገ «ሁለት ለሦስት ተካፍሎ ሰባት ላይ ይደመር» ይላል። ቅንፍ አላስፈለገም፤ ረጅምና አጭር መስመር መለየትም አላስፈለገም።

ይህ የሆነው አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ነው። አፋን ኦሮሞም እንዲሁ ነው። ቁጥሮቹ ይቀድማሉ፣ የሚደረግባቸው ነገር ይከተላል። ፖላንዳዊው የሥነ አመክንዮ ሊቅ ያን ዉካሼቪች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የስሌት ምልክቱን ከቁጥሮቹ ፊት በማስቀደም ቅንፍ የማያስፈልገው አጻጻፍ አወጣ። ቆይቶ የኮምፒውተር ሰዎች አጻጻፉን ገለበጡትና ምልክቱን ከቁጥሮቹ ኋላ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1972 ገበያ ላይ የዋለችው ኤችፒ 35 የተባለች የኪስ ካልኩሌተር በዚሁ ሥርዓት ነበር የምትሠራው፤ ሰባት፣ ሁለት፣ ደምር፤ ሦስት፣ አካፍል። የእኩል ይሆናል ምልክት እንኳ አልነበራትም። መሐንዲሶች ተጠበው የደረሱበት ይህ ቅደም ተከተል አማርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ሳያስበው በየቀኑ አፉ ላይ ያለ ነው። ስለዚህ በድምፅ የሚያስተምር ሰው የመጀመሪያ ሥራው ሰሌዳውን ማንበብ ትቶ መናገር ነው። ሐሳቡ በተፈጥሮው አነጋገር ከገባ በኋላ ምልክቱ በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ቢነገር አይመሽም።

የአነጋገሩ ለውጥ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ስሌቱ የሚሄድበት መንገድም መለወጥ አለበት። መቂ ወይም ባቱ ላይ ቲማቲም የሚያገበያይ ደላላ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያሰላ ያዳመጠ ሰው የምለው ይገባዋል። 37 ሳጥን ቲማቲም አንዱ ሳጥን በ850 ብር ነው እንበል። የሚሰማው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «አርባ ቢሆን ሠላሳ አራት ሺህ። ሦስቱ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ። ይነሳለት፤ ሠላሳ አንድ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ።» በደብተር የተማርነው የማባዛት ዘዴ ከዚህ የራቀ ነው። ከአንድ ቤት ይጀምራል፣ ሰባት ጊዜ ዜሮ፣ ሰባት ጊዜ አምስት ሠላሳ አምስት፣ አምስቱን ጽፎ ሦስቱን መያዝ፣ ቀጥሎ የአሥር ቤቱ፣ በመጨረሻ ሁለቱን ረድፍ መደመር። ይህ ዘዴ ለወረቀት ተብሎ የተሠራ ነው። «ሦስት በእጅ» ያልነውን ቁጥር ወረቀቱ ካልያዘልን ሦስተኛው እርምጃ ላይ ይጠፋናል።

የደላላው ዘዴ የሚጀምረው ከትልቁ ነው። ስልኩ መሐል ላይ ቢቋረጥ እንኳ አድማጩ ነገሩ ከሠላሳ አራት ሺህ ትንሽ ዝቅ እንደሚል አውቋል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ሙሉ ቁጥር ሰጥቶ ያበቃል፤ በየትኛውም ቅጽበት አእምሮ የሚሸከመው ከሁለት ቁጥር አይበልጥም። ይህን የመሰለውን ስሌት «የገበያ ሒሳብ» ብሎ ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ አለ። ለእኔ ግን ለጆሮ ተብሎ የተሠራ፣ በሥራ የተፈተነ ዘዴ ነው፤ የራዲዮ የሒሳብ ትምህርት አዘጋጅም መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ሊያዳምጠው ይገባል።

ከዚህ የረቀቀ ስሌትም በቃል ሲተላለፍ ኖሯል። በየዓመቱ መስከረም 1 በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ይታወጃሉ፤ አዳማም ሞጆም ያለ ምእመን ይሰማቸዋል። ከአዋጁ በስተጀርባ ያለው ባሕረ ሐሳብ የተባለው የዘመን ቆጠራ ስሌት ነው። ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይቀበለዋል፣ በጣቱ አንጓ እየቆጠረ ይለማመደዋል። እስቲ የ2018ን እንከተለው።

ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ተብሎ ይቆጠራልና 2018 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህ ቁጥር ለ19 ተካፍሎ ቀሪው ይፈለጋል። 7518ን ለ19 በቃል ማካፈል ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ ደረጃ ሠርተውለታል። 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር፣ 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፣ 19 ዓመት ንዑስ ቀመር ይባላል። አሥራ አራት ዐቢይ ቀመር 7448 ነው፤ ከ7518 ሲነሳ 70 ይቀራል። 70 ማዕከላዊ ቀመር አይሞላም። ሦስት ንዑስ ቀመር 57 ነው፤ 13 ቀረ። ከዚህ አንድ ይቀነሳል፤ የዓመቱ ወንበር 12 ሆነ። ወንበር በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ፣ 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው፤ ፋሲካ ከዚያ በ69ኛው ቀን ሚያዝያ 4 ላይ ይውላል።

ስሌቱን ከትምህርት አሰጣጥ አንጻር ያየ ሰው ሦስት ነገር ያገኝበታል። አንደኛው በየመንገዱ የሚገኝ ውጤት ሁሉ የራሱ ስም ያለው መሆኑ ነው። «ያ ቅድም ያገኘነው ቀሪ» የሚባል ነገር የለም፤ ወንበር ነው፣ አበቅቴ ነው፣ መጥቅዕ ነው። ሰሌዳ ላይ ቢሆን በጣት ጠቁሞ «ይሄኛው» ማለት ይቻላል። በድምፅ መጠቆም ስለማይቻል ስሙ ጣት ሆኖ ያገለግላል። ሁለተኛው ቁጥሮቹ እንዲያድጉ አለመፈቀዱ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ቁጥር ከተገደፈ በኋላ በዚህ ሁሉ ማባዛት ውስጥ ከ342 የሚበልጥ ቁጥር አይመጣም፤ እሱም ወዲያው ከ30 በታች ይወርዳል። ሦስተኛው ስሌቱ ራሱን መፈተሹ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ በ2018ም 12 እና 18 ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ወንበር አንዴ በ11፣ አንዴ በ19 ተባዝቷል፣ ሁለቱ አንድ ላይ 30 ናቸው፣ ስለዚህ ድምሩ በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። ወረቀት የሌለው ተማሪ ተሳስቶ ከሆነ የሚነግረው ይህ ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ተብሎ የሚሰጠው፣ የሒሳብ ሊቁ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው መጽሐፉ መልክ ያስያዘው የቀሪ ስሌት ከዚህ ጋር ዘመድ ነው።

ሙስሊሙም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። የውርስ ክፍፍል ሕግ ስድስት ክፍልፋዮች ላይ ይቆማል፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶና ስድስተኛ። እነዚህን ማን መቼ እንደሚወስድ በግጥም ሸምድዶ መያዝ በእስልምናው ዓለም የቆየ የትምህርት መንገድ ነው። አንድ ዓይነት ታህት የሌላቸውን ክፍልፋዮች በቃል መደመር የለመደ ሰው፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሚፈራውን ርዕስ ያለ ሰሌዳ አልፎታል።

ስም የመስጠቱን ነገር በሌላ አገር በግልጽ ያየሁት በሌቭ ፖንትሪያጊን ታሪክ ላይ ነው። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ በ14 ዓመቱ በፍንዳታ አደጋ ዓይኑን አጣ። እናቱ ሒሳብ አልተማሩም፤ ሆኖም ለዓመታት መጻሕፍቱንና ጥናቶቹን ያነበቡለት እሳቸው ነበሩ። የማያውቁትን ምልክት ሲያገኙ በመልኩ ስም ያወጡለት ነበር፤ የስብስቦችን ኅብረት የሚያሳየውን «ጅራቱ ወደ ላይ»፣ የጋራውን የሚያሳየውን «ጅራቱ ወደ ታች» ይሉት ነበር። ትርጉሙን እሳቸው ባያውቁም ስሙ ሳይዛነፍ ደጋግሞ ስለሚመጣ ልጃቸው የሚነበበውን በአእምሮው ይሠራው ነበር። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የሒሳብ ሰዎች አንዱ ሆነ። የሒሳብ ሊቁ ኦይለርም በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ዓይኑ ጠፍቶ ሥራዎቹን በቃሉ ያስጽፍ እንደነበር የታወቀ ነው።

አሜሪካዊው አብርሃም ኔመት ደግሞ ነገሩን በሥርዓት አስቀመጠው። ከልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረው ይህ የሒሳብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1952 በስሙ የሚጠራውን የሒሳብ ብሬል አወጣ። ሰዎች ሲያነቡለት ሳያሻሙ እንዲያነቡ ደግሞ የንባብ ደንብ ሠራ። ዋናው ሐሳብ እያንዳንዱ መዋቅር ሲከፈትም ሲዘጋም በቃል ይነገር የሚል ነው። በአማርኛ ብንወስደው «ክፍልፋይ ክፈት፤ ላዕል፣ ኤክስ ሲደመር ሁለት፤ ታህት፣ ሦስት፤ ክፍልፋይ ዝጋ» ይሆናል። መነሻችን ላይ የነበረው ጥርጣሬ ጠፋ። ይህ አነጋገር ደረቅ ነው፤ ሐሳብ ለማስረዳት አልመክረውም። ለጽሕፈት ግን የግድ ነው። ጥሩ የድምፅ ትምህርት ሁለቱን ይለያል፤ ሲያስረዳ እንደ ደላላው ይናገራል፣ ሲያስጽፍ እንደ ኔመት።

ከአነጋገሩ ቀጥሎ ለድምፅ ትምህርት የሚያስፈልገው ዝምታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒካራጓ ውስጥ ማሳያ በተባለ አካባቢ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአገሩ የትምህርት ባለሙያዎች ጋር ሆነው የአንደኛ ደረጃ ሒሳብን በራዲዮ ማስተማር ጀመሩ። የፕሮግራሙ ጥበብ ተናጋሪው ጥያቄ ጠይቆ ዝም ማለቱ ነበር። ልጆቹ በዚያ ዝምታ ውስጥ ጮክ ብለው ይመልሳሉ፣ ወይም ይጽፋሉ፣ ወይም ተነስተው አንድ ነገር ይሠራሉ፤ ከዚያ ራዲዮው መልሱን ይናገራል። መልሱ ወዲያው መምጣቱ ልጁ ትክክል መሆኑን ወይም መሳሳቱን ያሳውቀዋል። በአገሩ እ.ኤ.አ. በ1979 በተነሳው አብዮት ምክንያት ሥራው ቢቋረጥም ዘዴው ወደ ቦሊቪያ፣ ወደ ሆንዱራስና ወደ ሌሎች አገሮች ተሻግሯል።

በእኛ አገር የተገላቢጦሹን የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። በ1997 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት በሚተላለፍ የ«ፕላዝማ» ትምህርት መማር ጀመሩ። ምስል ነበረው፣ ድምፅ ነበረው፣ የተዋቡ ሥዕላዊ መግለጫዎች ነበሩት። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የሚናገረው የስክሪኑ መምህር ሲፈጥን የሚያስቆመው አልነበረም፤ የክፍሉ መምህር ላብራራ ሲል የስክሪኑ ወደ ሌላ ምዕራፍ ይሻገር ነበር። በተማሪውም በመምህሩም ዘንድ በሰፊው ይነሳ የነበረው ቅሬታ ይኸው ነው። ለዓይን ይህን ያህል የቀረበለት ተማሪ ለማሰብ ጊዜ ካጣ፣ በጆሮ ብቻ የሚከታተለው ምን ያህል ዝምታ እንደሚያስፈልገው መገመት ይቻላል።

በቦትስዋና የተደረገው ሙከራ ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወደ 4,500 ቤተሰቦች በጥናቱ ተካተቱ። ለአንዳንዶቹ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ተላከ፤ ለሌሎቹ በዚያ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ አጭር የስልክ ጥሪ ተጨመረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም የስልክ ጥሪ ያገኙት ልጆች በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ግልጽ መሻሻል አሳይተው ነበር፤ የጽሑፍ መልእክቱ ብቻውን ይህን ያህል አልሠራም። በጥሪው ውስጥ ያለው ሰው ልጁ የት እንደቆመ ይሰማል። «እ…» ሲል ይሰማዋል። ለልጁ የሚከብደውን ትቶ ከሚችለው ይጀምርለታል። ራዲዮ ይህን አያደርግም፤ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ግን በግማሹም ቢሆን ያደርጋል፤ ተማሪው ደጋግሞ ያዳምጠዋል፣ የራሱንም ስሌት ቀድቶ ለመምህሩ ይልካል። መምህሩም ልጁ የት ላይ እንደሳተ በልጁ በራሱ አንደበት ይሰማል፤ ደብተር ላይ ይህን ማየት አይቻልም።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አድርገን ለአዳማ ልጆች የሚሆን አጭር የድምፅ ትምህርት እንሥራ። ርዕሱ ቀጥተኛ ተመጣጣኝነት ይሁን። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ኃይል ተርባይኖች የማያውቅ የአዳማ ልጅ የለም።

«የመጀመሪያው የአዳማ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ሠላሳ አራት ተርባይን አለው። እያንዳንዱ ተርባይን አንድ ተኩል ሜጋ ዋት ያመነጫል። ሁሉም አንድ ላይ ስንት ያመነጫሉ? ቀስ ብለን እንሂድ። አንዱ አንድ ሜጋ ዋት ብቻ ቢያመነጭ ኖሮ፣ ጠቅላላው ስንት ይሆን ነበር?» ዝምታ። «ሠላሳ አራት። ግን ግማሽ ግማሽ ይቀራቸዋል። የሠላሳ አራት ግማሽ?» ዝምታ። «አሥራ ሰባት። ሠላሳ አራቱና አሥራ ሰባቱ ሲደመሩ?» ረዘም ያለ ዝምታ። «ሃምሳ አንድ ሜጋ ዋት። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ‹የመጀመሪያው ጣቢያ› እንበለው። ሁለተኛው ጣቢያ መቶ ሁለት ተርባይን አለው፤ አንዱ ተርባይን አሁንም አንድ ተኩል ሜጋ ዋት ነው። ማባዛት ከመጀመራችሁ በፊት፣ መቶ ሁለት የሠላሳ አራት ስንት እጥፍ ነው?» ዝምታ።

ሦስት እጥፍ መሆኑን የደረሰበት ልጅ አንድ ተኩልን እንደገና አያባዛም፤ «የመጀመሪያው ጣቢያ» ያለውን 51ን በሦስት ያባዛና 153 ይላል። ጣቢያው በእርግጥም 153 ሜጋ ዋት ነው። ተመጣጣኝነት ማለት ይህ ነው፤ ተርባይኑ ሦስት እጥፍ ሲሆን ኃይሉም ሦስት እጥፍ ይሆናል። በሰሌዳ ላይ ቢሆን ልጁ 102 እና 1.5ን ከላይና ከታች ጽፎ አባዝቶ መልሱን አግኝቶ ይሄድ ነበር፤ ዝምድናውን ሳያየው ሊያልፍ ይችል ነበር። እዚህ ላይ የወረቀት አለመኖር ሐሳቡን ወደ ፊት አመጣው።

ጆሮ ከዓይን የሚበልጥበት ቦታም አለ። ትንሹ የጋራ ብዜት ለብዙ ተማሪ በሽምደዳ የሚታለፍ ርዕስ ነው። ሁለት ልጆች አብረው ጀምረው እኩል ይቁጠሩ፤ አንዷ በየሦስት ታጨብጭብ፣ ሌላው በየአራት ጠረጴዛ ይምታ። ሁለቱ ድምፆች ይለያያሉ፣ ይጠላለፋሉ፣ አሥራ ሁለት ላይ አንድ ላይ ይወድቃሉ። ከዚያ በየአራትና በየስድስት ያድርጉት። አራት ጊዜ ስድስት ሃያ አራት ነውና ብዙ ልጅ ሃያ አራትን ይጠብቃል፤ ድምፆቹ ግን አሥራ ሁለት ላይ ይገናኛሉ። ለምን ቀደሙ ብሎ መጠየቅ ወደ ጋራ አካፋይ ያስገባል። ከበሮ እየሰማ ላደገ ልጅ ይህ በጣም ቅርብ ነው። ግራፍም በድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቃናው ከፍ ይላል፣ ሲቀንስ ዝቅ ይላል። ዛሬ ይህን የሚያደርጉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሉ፤ ዓይነ ስውር ተማሪ የመስመሩን አካሄድ፣ ጫፉና ጎድጓዳው የት እንደሆነ በጆሮው ይከተላል።

ጂኦሜትሪ ላይ ስንደርስ ግን ድምፅ ብቻውን አይበቃም፤ ይበቃል ማለት ተማሪውን መበደል ነው። የጎነ ሦስትን ምስል በቃላት መግለጽ አድማጩን ያደክማል። ድምፁ የልጁን እጅ ቢመራ ግን ይሻላል። «ከወረቀት ጎነ ሦስት ቅደድ። ሦስቱን ማዕዘኖች ቆርጠህ አውጣቸው። ጫፍ ለጫፍ አድርገህ ጎን ለጎን ደርድራቸው። አሁን በጣትህ ሥራቸውን ዳስስ።» የሚያገኘው ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ የጎነ ሦስት ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ መሆኑን ዓይን ያለውም የሌለውም በጣቱ ይደርስበታል። ይህ ማረጋገጫ አይደለም፤ ግን ማረጋገጫውን እንዲፈልግ የሚያነሳሳው ይህ ነው።

ስለ ቋንቋ ሳላነሳ አላልፍም። በእነዚህ ከተሞች ብዙው ልጅ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላውም በአማርኛ አንደኛ ደረጃን ይማራል፤ ገበያ ላይ በሁለቱም ይቆጥራል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆናል። የሚለወጠው የቃላቱ ዝርዝር ብቻ ይመስለናል። የስሌቱ ቅደም ተከተልም ይገለበጣል። «ከአሥር ሦስት ሲቀነስ» የሚል ልጅ አሥሩን ይዞ ሦስቱን ያነሳል፤ በእንግሊዝኛው ግን መጀመሪያ «ቀንስ» ይባላል፣ ከዚያ ሦስት ይጠራል፣ አሥር መጨረሻ ላይ ይመጣል። ልጁ ምን ላይ እንደሚሠራ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። አንብቦ ሊለምደው ይችላል፤ ሲነገረው ግን ይጠፋበታል። ለዘጠነኛ ክፍል የሚዘጋጅ የድምፅ ትምህርት ስሌቱን ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ጨርሶ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ ቢያስከትል፣ ተማሪው አዲሱን ቅደም ተከተል መልሱን እያወቀ ይሰማዋል።

ይህ ሁሉ ከማንም በላይ የሚመለከተው ማየት የተሳናቸውን ተማሪዎች ነው። በአገራችን ለረጅም ጊዜ እነዚህ ልጆች ወደ ላይኛው ክፍል ሲደርሱ ሒሳብ ይቀርባቸው፣ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስም ይመደቡ ነበር። ምክንያት ተብሎ የሚቀርበው ሒሳብ በዓይን የሚታይ ነገር ነው የሚለው እምነት ነው፤ ባሕረ ሐሳብን በጣት አንጓ ባስተማረ አገር ይህ እምነት መሠረት የለውም። ሒሳብ በቀረበላቸው ቦታ ደግሞ ፈተና ላይ የሚያነብላቸው ሰው ይቀመጣል። አንባቢው በጎ ሰው ነው፤ ነገር ግን ክፍልፋይን እንዴት እንደሚያነብ፣ ቅንፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ምን እንደሚል፣ ከጎን ከፍ ብላ የተጻፈችው ትንሿ ቁጥር የማን እንደሆነች እንዴት እንደሚገልጽ ያሠለጠነው ከሌለ «ኤክስ ሲደመር ሁለት ሲካፈል ለሦስት» ብሎ ያነባል። ከሁለቱ መልሶች የትኛው እንደተጠየቀ ተማሪው ሊያውቅ አይችልም። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚሠራ የሒሳብ ንባብ ደንብ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም፤ ለክፍልፋይ፣ ለቅንፍ፣ ለርቢ፣ ለሥርና ለእኩልነት የሚከፍትና የሚዘጋ ቃል መምረጥ ነው ሥራው። አዳማ ያሉት የሒሳብና የቋንቋ መምህራን ከሻሸመኔ የብሬል መምህራን ጋር ተቀምጠው ቢሠሩት፣ ለፈተና አንባቢዎች በአንድ ቀን ሥልጠና ሊሰጥ ይችላል፤ የራዲዮ አቅራቢዎችም በዚያው ደንብ ያነባሉ።